ዘለቀች እምብርቷን አትገልጥም

ደብረ ማርቆስ ያልኖረ ሰው ብርድ አውቃለሁ ባይል ደስ ይለኛል። በሌላው አገር ብርድ እንግዳ ነው፤ መጥቶ ይሰነብትና ይሄዳል። እኛ ከተማ ግን ነባር ነዋሪ ነው፤ የቀበሌ መታወቂያ አለማውጣቱ ብቻ ነው የሚገርመኝ። ሐምሌ ላይማ አብሮን ይበላል፣ አብሮን ይተኛል፣ ብርድ ልብስም ይሻማናል። እንግዲህ በዚህ ከተማ፣ በዚሁ በሐምሌ፣ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ፣ በዚያ ላይ ጃኬት ጭኖ፣ አንገቱን በፎጣ የጠቀለለ አንድ ወንድ ዓይኔን እያየ "ጦር ሜዳ የምትዘምት ሴት እምብርቷን ገልጣ ትሂድ" ብሎ ተከራከረኝ።

በዚህ ክርክር ምክንያት ከፈረስ ወድቄያለሁ፤ ደምበጫ ገበያንም ከዳር እስከ ዳር አስነጥሻለሁ። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ በአንዱም አልተጸጸትኩም። ጸጸት የምትፈልጉ ካላችሁ ሌላ ቤት አንኳኩ።

የምሠራው ፎቶ ቤት ነው። ኮምፒውተር ተምሬ ስመረቅ ዓለምን እለውጣለሁ ብዬ ነበር፤ የለወጥኩት ግን የሙሽሮችን መልክ ነው። የሠርግ ካርድ፣ የምርቃት ባነር፣ የልደት ፖስተር፣ ሥራዬ ይኸው ነው። ሙሽራ ይመጣና "እህቴ፣ ጠቆር ብያለሁ፤ ትንሽ አፍኪኝ" ይለኛል። አፈካዋለሁ። "ፀጉሬም ሸሸት ብሏል" ይላል። የሸሸውን አሳድጄ እመልሳለሁ። ከኋላቸው ፏፏቴ እከታለሁ፤ ካልጠገቡ አንበሳ እጨምራለሁ። አንዴ አንዱን እንዲያ አሳምሬው፣ የሠርጉ ዕለት የሙሽሪት ዘመዶች በር ላይ አቁመው "አንተ ሚዜው ነህ፤ ሙሽራው የታለ?" አሉት። ካርዱን አውጥተው ከፊቱ ጋር ቢያስተያዩት አልገጥም አለ። ሰውየው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያየኝ ባርኔጣውን ዝቅ ያደርጋል። ከአክብሮት ይሁን ከቂም፣ አልጠየቅኩትም።

ቀን ሙሉ እንዲህ ስዋሽ እየዋልኩ፣ እውነት እንደ ምግብ ራበኝ። ማንም "አፍኪኝ" የማይለኝን አንድ ፊት መሳል አማረኝ።

ከፎቶ ቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ስልክ የሚጠግን ይትባረክ የሚባል ልጅ አለ። አብሮኝ ነው የተማረው። እጁ ስልክ ላይ ቢሆንም ልቡ ያለው ፕሮግራም ላይ ነው፤ ስልክ ሊያሠራ የመጣ ሰው ካልጮኸበት ቀና አይልም። ከእሱ ጋር ቪዲዮ ጌም እንሥራ ብለን ተስማማን፤ እሱ ኮዱን ሊጽፍ፣ እኔ ሰዎቹንና አገሩን ልስል። ታሪኩ ቀላል ነው። ከደመና በላይ ባለ ተራራማ መንግሥት ክንፍ ያለው ዘንዶ ይመጣና ምንጩን ሁሉ ጠጥቶ ሕዝቡን በውሃ ጥም ያስጨንቃል። አንዲት ሴት ትነሣና ተራራውን ወጥታ፣ ዘንዶውን ገድላ፣ ውሃውን ታስመልሳለች። አዲስ አበባ ያለ አንድ የስልክ ጌም የሚያሰራጭ ድርጅት ወሬያችንን ሰምቶ "ክረምቱ ሲወጣ ሰው እንልካለን፤ ከወደድነው እንወስደዋለን" ብሎን ነበር። ያ ሰው ከወደደልን ከፏፏቴና ከአንበሳ እገላገላለሁ፤ ካልወደደልን እዚያው ሙሽራ ሳፈካ አረጃለሁ። ነገሩ ለእኔ ይህን ያህል የከበደ ነበር።

ሴትዮዋን ዘለቀች አልኳት። ይትባረክ "ዜልያ እንበላት" አለ።

"ዜልያ የፀጉር ቤት ስም ነው" ብዬ ዘጋሁት።

ዘለቀችን ስስላት አንዲት ውሸት እንዳትገባባት ለራሴ ምዬ ነበር። ተራራ ስትወጣ የኖረች ናትና ባቷን አወፈርኩት። ፊቷን ፀሐይና ነፋስ እንዲመታው አደረግሁ። ከቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ ጥቁር በርኖስ ደረብኩላት፣ ከሥሩ ወፍራም ሱሪ፣ እግሯ ላይ የጎማ ጫማ። በትከሻዋ የበሶ ስልቻ አንጠለጠልኩ፤ ሰው ሳይበላ እንዴት ይዋጋል? እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራችሁም ነበር። አላቆምኩም። ዳገት ስትወጣ ታለከልካለች። ዝናብ ሲመታት በርኖሱ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳትና ትዘገያለች። እሾህ ጫማዋን በስቶ ሲወጋት ቁጭ ብላ ትነቅላለች። ይባስ ብዬ ብርድ ሲጠናባት አፍንጫዋን በእጅጌዋ እንድትጠርግ አደረግኋት። እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የኮራሁት በዚህች ነው።

ይትባረክ ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሮ ዘለቀች ዳገቱን ስትወጣ አየ። እሾኋን ስትነቅል አየ። አፍንጫዋን ስትጠርግ አየ።

"እኔ የምልሽ፣" አለ፣ "ይቺ ሴት ዘንዶውን የምትገድለው በምንድን ነው? በማሳዘን?"

"በጦር ነዋ!"

"እዚያ ከደረሰች አይደል? ዘንዶው እኮ እሷ እስክትደርስ በእርጅና ይሞታል።"

በማግስቱ የራሱን ዘለቀች ይዞ መጣ። መሳል ስለማይችል ከየቦታው ለቃቅሞ ነው የገጣጠማት፤ አገጣጠሟም ያስታውቃል። ዓይኗ የሻይ ሳህን ያህላል። ወገቧ የተርብ ነው። ፀጉሯ እስከ ዳሌዋ ወርዶ፣ ነፋስ በሌለበት ይውለበለባል። ሰይፏ ከሞፈር ይረዝማል። ጫማዋ ብረት ሆኖ ሳለ ተረከዝ አለው። ከኋላዋ ቀይ ካባ መሬት ይጠርጋል። ትከሻዋና ደረቷ ላይ ጥሩር ለብሳለች፤ ጥሩር ማለት የጥንት ተዋጊ ጦር እንዳይበሳው የሚለብሰው የብረት ልብስ ነው። የትከሻው ብረት የአንድ ክፍል ቤት ጣራ ያለብሳል። የደረቱ ግን ደረቷ ላይ ጀምሮ እዚያው ደረቷ ላይ ያልቃል። ከዚያ በታች እስከ ቀበቶዋ ባዶ ሜዳ ነው።

"ሆዷስ?" አልኩት።

"ምን ሆነ?"

"ረስተኸው ነው ወይስ ብረቱ አለቀብህ?"

"ዓይን የሚይዘው እኮ እሱ ነው።"

"ጦርም ይይዛል።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ጌም ነው! ክንፍ አውጥቶ የሚበር ዘንዶ ምንም ሳይመስልሽ ተቀብለሽ፣ እምብርት ላይ ስትደርሺ ነው እውነት ካልሆነ የምትይው?"

አልዋሽም፣ ይህቺ ንግግሩ ልታሳምነኝ ምንም አልቀራት። ከዚያ የበሩ መጋረጃ ተገልጦ ንፋሱ ገባና መልሱን ሰጠኝ።

"ዘንዶው ተረት ነው፤ ብርዱ ግን እውነት ነው" አልኩት። እሱም ፎጣውን አጠበቀ።

አልተስማማንም። ሰው ይፍረደን ብለን ሁለቱንም ሴቶች በላፕቶፕ ይዘን ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለ ጌም ቤት ሄድን። መጀመሪያ የኔን አስጫወትን። አንዱ ወጣት ቁልፎቹን እየጫነ ብዙ ታገለና "ይሄ ነገር አይንቀሳቀስም፤ ተበላሽቷል" አለ። ቀርቤ ሳይ ለካ ሊያንቀሳቅስ የሚታገለው ድንጋዩን ነው። ዘለቀች በጥቁር በርኖሷ ከጥቁሩ ገደል ጋር አንድ ሆና አጠገቡ ቆማለች፤ ምናልባት አፍንጫዋን እየጠረገች። እሷን ካሳየሁት በኋላም "ይቺ ወፍጮ ቤት ነው የምትሄደው?" ብሎ ሌላውን ሁሉ አሳቀብኝ።

የይትባረክ ስትከፈት ቤቱ በፉጨት ተሞላ። ይትባረክ ደረቱን ነፋ። ግን ቆይ። ተጫዋቹ ካሜራውን በዙሪያዋ ያዞራል እንጂ ወደፊት አይሄድም። እያዞረ ሳለ ዘንዶው መጥቶ ዋጣት። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ሲያዞር እንደገና ዋጣት። ከኋላ ተራ የሚጠብቁትም ተራቸው ሲደርስ ያደረጉት ያንኑ ነው። ያን ዕለት ዘንዶው እስኪያስገሳው በላ።

"አየህ፣" አልኩት ወደ ቤት ስንመለስ፣ "ያንተዋ ዓይን ትስብና ራሷን ለዘንዶ ታቀርባለች።"

"ያንቺ ደግሞ ዘንዶውም አላያትም።"

በዚያው ሰሞን የእናቴ ታላቅ ወንድም መሪጌታ ከመርጡለ ማርያም መጥተው እኛ ቤት አርፈው ነበር። ቅኔ ያስተምራሉ። እሳቸው ፊት ስትናገሩ ቃል መርጣችሁ ነው፤ ሲመልሱላችሁ ደግሞ ተመስግናችሁ ይሁን ተሰድባችሁ የሚገባችሁ ማታ ነው። ይትባረክ ሳያፍር ላፕቶፑን ፊታቸው አስቀመጠና የራሱን ሴት አሳያቸው። "መሪጌታ፣ እስቲ ይፍረዱን" አላቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አዩ። ጭራቸውን አንዴ አወናጨፉ። "መልክ አላት፤ ልብስ የላትም" አሉ።

"አምባር እጨምርላታለሁ" አለ ይትባረክ በደስታ።

እናቴ ከጓዳ ሳቋ አመለጣት። እኔም ትንሽ ቆይቶ ገባኝ። ልብስ ያሉት ልብስን ብቻ አይደለም፤ መልክ አላት፣ ልብ'ስ የላትም ማለታቸው ነው። ይትባረክ አሁንም ስለ አምባሩ ቀለም እያወራ ነው። ድል አደረግሁ ብዬ የኔን ዘለቀች አቀረብኩ። መሪጌታ ከመጀመሪያዋ ይልቅ ብዙ ጊዜ ወስደው አዩአት።

"ልብስስ አላት" አሉ፤ "መልኳን ለማን ትታ መጣች?"

በዚህ ጊዜ የሳቀው ይትባረክ ነው። ሳቁ ደሜን አፈላው። "እንግዲያው ልበሰው!" አልኩ። "ያንን ብረት አሠርተህ ልበሰውና ፈረስ ላይ ውጣ! ሆድህንም ግለጥ! ከዚያ ስለ ውበት ታወራኛለህ!"

"እለብሳለሁ! አንቺም በርኖስሽን ለብሰሽ ትወጫለሽ!"

በሉ እንግዲህ፣ የተማሩ ሰዎች ጠብ እንዲህ ነው የሚያድገው።

ይትባረክ ብየዳ ቤት ሄዶ ሥዕሉን አሳይቶ የትከሻና የደረት ብረት፣ ረጅም ሰይፍም ከቆርቆሮ አስቆረጠ። ለካባው የእናቱን ቀይ መጋረጃ አወረደ። ለጫማው የእንጨት ተረከዝ አስመታ፤ እኔ ነኝ ያስገደድኩት። ፈረሱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። የእናቴ የአክስት ልጅ አያ አስማረ ደምበጫ አጠገብ ገጠር ይኖራል፤ ፈረሱን ይዞ ከተማ የሚወጣው በገበያ ቀን ብቻ ነው። ስንደውልለት "ሌላ ቀን አይመቸኝም፤ ሰው ካልፈራችሁ በገበያው ኑ" አለን። ፈተናውንም ተዋዋልን፤ ፈረስ ላይ መውጣት፣ ሜዳው ዳር ካለው ዋርካ ደርሶ መመለስ፣ በመካከሉ መሣሪያ መዝዞ ማሳየት።

የገበያው ቀን ጠዋት እንደ ዘለቀች የበሶ ስልቻ አንጠልጥዬ፣ በላዩ የመሪጌታን አሮጌ በርኖስ ደርቤ፣ የጎማ ጫማ አድርጌ፣ ፀጉሬን እንዳደረ ትቼ ልወጣ ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። እናቴ ደምበጫ ተወልዳ ያደገች ናት።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ደምበጫ፣ እማዬ። ነግሬሽ የለ?"

"እንዲህ ሆነሽ? ሰው በሚያውቀኝ አገር? እናቷ ሞታባት ነው እንዴ እንዲሉኝ ነው?"

"እማዬ፣ እንደ ጦረኛ ነው የለበስኩት። ጦርነት የሚሄድ ሰው አያጌጥም።"

"ማን ነው ያለሽ? ጠላትስ ሰው አይደል? ንቆሽ እንዲዋጋሽ ነው?"

እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። ፀጉሬን ግጥም አድርጋ ሹሩባ ሠራችኝ። የራሷን የብር ጉትቻ ጆሮዬ ላይ ሰካች። በርኖሱ እንደ ድንኳን ስለተንዘረፈፈ ከሳጥን ሰፊ ቀይ መቀነት አወጣችና ወገቤ ላይ ደጋግማ ጠመጠመችው፤ የበርኖሱንም ጫፍ ወደ ላይ ሰብስባ ከጉልበቴ አስቀረችው። "ይሄ ሁሉ እውነታውን ያበላሽብኛል" ብዬ ተነጫነጭኩ። አልሰማችኝም። ይልቁንም ነጠላዋን አነሣችና "እኔም እመጣለሁ፤ አንቺን ለብቻሽ አላምንሽም" አለች።

ደምበጫ ስንደርስ ካፊያው ጀምሯል። አያ አስማረ ፈረሱን ገበያው ሜዳ ዳር ይዞ ቆሟል። ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ልጓሙ በቀይና በቢጫ ክር የተጠለፈለት፣ እርጋታው የሚያስቀና ፈረስ ነው። ይትባረክ በሚኒባሱ ውስጥ ብረቱን ደብቆ የመጣበትን ጋቢ ገፈፈ። ሆዱ ወጣ። ቃሉን አክባሪ ነው፣ ይህን አልነፍገውም።

ገበያተኛው ሥራውን ትቶ ከበበን።

"ምን ሆኖ ነው ቆርቆሮ የለበሰው?" አለ አንዱ።

"ጣራው ወርዶበት ይሆናላ።"

"ሆዱን ምነው ገለጠው?"

"ቆርቆሮው አንሶት ነዋ!"

አንዲት አሮጊት ቀርበው ብርድ ያኮማተረውን ሆዱን በሐዘኔታ አዩና "የኔ ልጅ፣ ጠበል ወስደውሃል?" አሉት።

የይትባረክ ጥርስ እየተንገጫገጨ ነበር። ተረከዙን ርካብ ውስጥ አስገባ፤ አልወጣ አለው። ሰይፉ ከፈረሱ ጎን ተደንቅሮ አላስቀምጥ አለው። አያ አስማረ ከኋላው ገፍቶ አወጣው። ቦራ መራመድ ሲጀምር የትከሻው ብረት እየተነሣ ጆሮውን ይጠፈጥፈዋል፣ ቋ ቋ ይላል። ቦራ ብዙ ነገር ተሸክሟል፤ ጣራ ግን ተሸክሞ አያውቅም። ጆሮውን አቆመ። በዚህ መሀል አንድ ባጃጅ ከኋላ ጡሩንባ እየነፋ መጣና የሚጎተተውን ቀይ መጋረጃ በጎማው ረግጦ ቆመ። ቦራ ወደፊት ሄደ። ባጃጁ አልሄደም። ይትባረክ በሁለቱ መካከል ለአፍታ አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ የመጋረጃው ክር ተበጠሰና ጭቃው ላይ በጀርባው ተዘረጋ። የትከሻው ብረት መሬት ውስጥ ተሰክቶ ስለያዘው እንደተገለበጠ ኤሊ እጅና እግሩን ያወናጭፋል። ሰይፉን አልመዘዘም። የሚመዝበት እጅ አልነበረውም።

መሳቄን አልደብቅም። "አሁን የእውነት ተራ ነው!" ብዬ ጮኽኩ።

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። እውነት እውነት እያልኩ አገር ያስቸገርኩት ሴትዮ ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ዘለቀችን የሳልኳት ሞቃት ሻይ ይዤ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።

ግን ወጣሁ። ሲወጡት ደግሞ እንዴት ያለ ነገር ነው! መሬቱ ራቀ፣ ገበያው ተዘረጋ፣ ሰው መንገድ ለቀቀልኝ። ቦራ ቆርቆሮው ስለወረደለት ነው መሰል አንገቱን ሰብቆ በኩራት ረገጠ። የቀይ መቀነቴ ጫፍ ከጎኔ ይውለበለባል። ከሰዉ መካከል እልልታ ሰማሁ፤ ዞር ስል እናቴ ናት። ዋርካው ደረስኩ፣ ዞርኩ። አሁን የቀረኝ መሣሪያ መምዘዝ ብቻ ነው።

ጦር ብለን የያዝነው ዱላ ከበርኖሱ ሥር ነበር። በርኖሱ ግን ካፊያውን ሲጠጣ ቆይቶ እንደ እርጥብ በግ ከብዶ፣ እንደ እርጥብ በግ ሸቶ፣ ገላዬ ላይ ተጣብቋል። እጄን ሰደድኩ፤ አንድ ነገር ጨበጥኩ፤ በኃይል መዘዝኩ። የመዘዝኩት የበሶ ስልቻውን ነው። አፉ ተፈታና በሶው በሞላ ፊቴ ላይ ፈሰሰ። ዓይኔ ጠፋ። ላለመውደቅ ብዬ በሁለቱም እግሬ የቦራን ሆድ ጨመቅሁ። ለካ በፈረስ ቋንቋ ይህ "በርር" ማለት ነው።

ወዴት እንደሄድን አላየሁም፤ የሰማሁት ጩኸት ብቻ ነው። ቦራ ድንገት ቆመ፤ እኔ አልቆምኩም። የወደቅሁበት ነገር ለስላሳ ነበርና አምላኬን አመሰገንኩ። ምስጋናዬን ሳልጨርስ አፍንጫዬ ነደደ። በላስቲክ ጥላ ሥር የተፈጨ በርበሬ በጆንያ ከፍቶ የሚሸጥ ነጋዴ ጆንያ ውስጥ ነው ያለሁት።

አነጠስኩ። ነጋዴው አነጠሰ። ቀይ ደመና ተነሥቶ ገበያው ላይ ወረደና ጨው ተራ አነጠሰ፣ ቅቤ ተራ አነጠሰ፣ ወደ ከብት ተራው ሲደርስ በሬዎችም አልቀሩም። "ይማርሽ" የሚል እንኳ አልተገኘም፤ ሁሉም የራሱን ያስነጥሳል።

ነጋዴው አቶ ሰይድ የሚባሉ ሽበታም ሰው ናቸው። ይቆጡኛል ብዬ ተኮራምቼ ስጠብቅ እጃቸውን ዘርግተው አነሡኝ። "ተጎዳሽ፣ ልጄ?"

"አልተጎዳሁም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በርበሬዎን ጨረስኩት።"

"ከዋርካው ሥር ስትመጪ አይቼሽ፣ 'ይቺ ቀይ የታጠቀች የማን ጀግና ናት?' ብዬ ሚዛኔን ትቼ ቆሜ ሳይሽ ነበር" አሉና አነጠሱ። "ወደ እኔ ትመጫለሽ ብዬ ግን አላሰብኩም።"

እናቴ እየሮጠች ደረሰች። አቶ ሰይድ በልጅነቷ ያውቋት ኖሯል፤ ከእኔ ይልቅ ስለ ጠፋችባቸው ዓመታት ተቆጧት። በሶ የገባበትን በርበሬ "ይሄስ የእኛ ነው" ብላ ተሸክማ መጣች። ያን ዓመት በርበሬ አልገዛንም። ወጣችን ሁሉ በሶ በሶ ይል ነበር እንጂ።

ሚኒባስ ስንጠብቅ ይትባረክ በጋቢው ተጠቅልሎ እየተንቀጠቀጠ ስልኩን አቀበለኝ። ጭቃው ውስጥ ተጋድሞ እንኳ ስልኩን አልጣለም፤ ከዋርካው ስመለስ አንስቶኛል። በሶው ከመፍሰሱ በፊት ነው። በፎቶው ላይ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ዋርካው ጠቁሯል፣ በርኖሱም ጠቁሯል። በዚያ ሁሉ ጥቁረት መሀል ቀዩ መቀነት እንደ እሳት ይነድዳል። ጉትቻዋ ያብለጨልጫል። ፊቷ ላይ ብርድም ፍርሃትም አለ፤ ግን ቀና ብላለች። ሴትዮዋ እኔ መሆኔን ለአፍታ ረሳሁ።

"ዘለቀች ይቺ ናት" አለ።

አልተቃወምኩትም። እጅ ሰጠች እንዳትሉኝ ብቻ። እኔ እውነት ማለት ማስቀየም መስሎኝ ኖሯል፤ ሙሽሮቹ ሲያስመርሩኝ ጊዜ ጌጥን ሁሉ ከውሸት ጋር አንድ ጆንያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። የኛ ሰው ግን መቼ ሳያጌጥ ወጥቶ ያውቃል? ፈረሱ እንኳ ልጓሙ ተጠልፎለታል። መቀነቱ ወገብ ያጠብቃል፣ በርኖስ ይሰበስባል፣ ከሩቅ ያሳያል፣ ያምራልም። ሹሩባው ፀጉር ዓይን እንዳይከልል ይይዛል፣ ያምራልም። ማማርና መጥቀም ተጣልተው አያውቁም፤ ያጣላናቸው እኔና ይትባረክ ነን። እምብርት ግን ምን ይሰበስባል? ምን ያጠብቃል? ስለዚህ በእምብርቱ ላይ አንድ ጋት አልተነቃነቅሁም።

ዘለቀችን እንደገና ሠራናት። በርኖሷን ከጉልበቷ አሳጠርኩት፣ ቀይ መቀነት አስታጠቅኋት፣ ሹሩባ ሠራኋት፣ ጉትቻ ሰጠኋት፣ ቦራን የመሰለ ፈረስም ጨመርኩላት። ማለክለኳን ቀነስኩ፣ እሾኹን ተውኩ። ይትባረክ ተረከዙንና ካባውን በፈቃዱ ጣለ፤ አንድ ትከሻ ብረት ለመነኝና ፈቀድኩለት፤ እውነትም አማረባት። አፍንጫዋን መጥረጓን ግን አላወጣሁም። ብዙ ካቆማችኋት ዛሬም ትጠርጋለች።

ክረምቱ ወጥቶ የአዲስ አበባው ሰው መጣ። ጫማው ያበራል፣ ጃኬቱ ወፍራም ነው። ፎቶ ቤቱ ውስጥ አስቀምጠን ሻይ አዘዝንለትና አስጫወትነው። ዳገቱን ወጣ፣ ዘንዶውን ገጠመ፣ ሲሸነፍ በራሱ ተናድዶ ጠረጴዛ መታ፣ እንደገና ጀመረ። በልቤ ፏፏቴውንና አንበሳውን ተሰናበትኳቸው። በመጨረሻ ወደ ኋላ ለጠጥ አለና "ጥሩ ነው፤ እንወስደዋለን" አለ። "ልጅቷም ቆንጆ ናት። እንዲያው ትንሽ..." እጁን ሆዱ ላይ በአየር አሽከረከረ፣ "ትንሽ ገለጥ ብትል። ገበያው የሚፈልገው እሱን ነው። የአንድ ቀን ሥራ ናት።"

ወደ ይትባረክ ዞርኩ። ይህ እኮ የመጀመሪያ ሐሳቡ ነው፤ አሁን ደግሞ የምንፈልገው ሁሉ በአንዲት እምብርት ተንጠልጥሏል። መሬት መሬት ያያል። አለቀልኝ አልኩ። ከደምበጫ ወዲህ ያልለቀቀው ሳል ያዘው፤ ስሎ ስሎ ቀና አለ።

"ጌታዬ፣ ሻይዎን ጨርሰዋል?"

"አልጨረስኩም" አለ ሰውየው።

"እንግዲያው ሹራብዎን ወደ ላይ ሰብስበው፣ እደጅ ቆመው ይጨርሱት። ከዚያ ገብተው የሚነግሩንን እንሰማለን።"

ሰውየው ሳቀ። እኛ አልሳቅንም። ሳቁን አቋርጦ ወደ እኔ ሲዞር፣ "ዘለቀች እምብርቷን አትገልጥም" አልኩት።

"ዕድላችሁን በእጃችሁ እየገፋችሁ ነው" ብሎ ቦርሳውን አነሣ። ሻዩንም ሳይጨርስ ሄደ።

በሩ ሲዘጋ ጀግንነቱ አብሮ ወጣ። ይትባረክ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። እኔ ፊቴን ወደ ኮምፒውተሩ አዙሬ አንድ ሙሽራ ማፍካት ጀመርኩ፤ ዓይኔ እንባ ስለሞላ ሰውየውን አብዝቼ አፍክቼው ከፏፏቴው ጋር ተቀላቀለ። "ትክክል ነን አይደል?" አለ ይትባረክ። "ነን" አልኩት። "ታዲያ ምነው እንዲህ ያማል?" አለ። እሱን አላውቅም።

ጌሙን ግን ቀብረን አልተውነውም። ያኔ ሙዚቃ ቤቶች ዘፈን በሜሞሪ ካርድ ይጭኑ ነበር፤ ይትባረክ በየቤቱ እየዞረ "ይህንንም አብራችሁ ጫኑ" ብሎ ሰጠ። ከደብረ ማርቆስ ደብረ ኤልያስ ገባ፤ ከዚያ በሚኒባስ ረዳቶች ስልክ ባሕር ዳር ደረሰ። ሀብታም አላደረገንም፤ እኔ አሁንም ሙሽራ አፈካለሁ። የማያውቁን ሰዎች ግን እየደወሉ ይሳደቡ ጀመር፤ ዘንዶው ከበደ፣ በሶዋ ቶሎ አለቀባት፣ ፈረሷ እንቢተኛ ነው ይላሉ። ስድብ እንዲህ እንደሚያስደስት አላውቅም ነበር። ስለ ልብሷ አንድ ሰው እንኳ አልደወለም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ስልኬ ጠራ፤ የአዲስ አበባው ሰው ነው። ድምፁ ለስልሷል።

"ልጆቹ እዚህም ይጫወቷታል" አለ። "ልብሷን እንዳለ ተዉት፤ ግድ የለም። በዚያ አልከራከራችሁም።"

"ደግ።"

"አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት የቀረችው። ፊቷ ተኮሳትሯል። ለምን አትስቅም? ትንሽ ፈገግ ብትል እኮ..."

"ሥራ ላይ ናት" አልኩትና ስልኩን ዘጋሁት።